ንባብና የቃል ትርጉም በወላይታ የትምህርት ታሪክ

«ማታ» የሚለው ቃል የሚጻፈው በሁለት ፊደል ነው። በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው ሲያየው የቀኑ መምሸት ይታሰበዋል። በወላይትኛ አፉን የፈታ ሰው ግን በዚሁ ጽሕፈት ሁለት ሌሎች ነገሮችን ሊያነብ ይችላል፤ «ታ» ላልታ ስትነበብ ሣር፣ ጠብቃ ስትነበብ ወተት ይሆንለታል። «ቦታ»ም እንዲሁ ነው። ለአማርኛ አንባቢ ስፍራ የሆነው ቃል በወላይትኛ ጠብቆ ሲነበብ ነጭ ማለት ነው። ሁለቱን ቋንቋዎች አጣርቶ የሚያውቅ አንባቢ ከእነዚህ ትርጉሞች አንዱን ለማግኘት ቁጭ ብሎ አያሰላስልም፤ ዐይኑ ከፊደሉ ላይ ባረፈበት ቅጽበት ትርጉሙ ሳይጠራ ይመጣል። አንባቢ የተባለው ሁሉ ግን እንዲህ ነው ወይ? ድምፁ እየወጣ ትርጉሙ ወደ ኋላ የሚቀርበት ጊዜስ የለም ወይ? ጥያቄው የሥነ ልቡና ሊቃውንትን ከመቶ ዓመት በላይ አነጋግሯል። በወላይታ ደግሞ ከ1887 ዓ.ም. ወዲህ የግዕዝ፣ የአማርኛ፣ በኢትዮጵያ ፊደል የተጻፈ የወላይትኛ፣ በመጨረሻም በላቲን ፊደል የተጻፈ የወላይትኛ ንባብ በአንድ ሕዝብ ላይ ስለተፈራረቁ፣ ጉዳዩ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ የብዙ ሺህ ተማሪዎች ዕድል ሆኗል።

አስቀድሞ ሊቃውንቱ ያገኙትን በአጭሩ መመልከት ይጠቅማል። በጀርመን አገር በላይፕዚግ ከተማ የተማረው አሜሪካዊ ጀምስ ካቴል እ.ኤ.አ. በ1886 ባሳተመው ጥናት፣ ሰው የአንድን ቀለም ስም ቀለሙን ራሱን አይቶ ከመጥራት ይልቅ ስሙን ተጽፎ ሲያገኘው ፈጥኖ እንደሚያነበው አስረዳ። ምክንያቱን ሲገልጽም፣ በቃልና በስሙ መካከል ያለው ግንኙነት ከብዙ ልማድ የተነሣ ያለ ፈቃድ በራሱ የሚሠራ ሆኗል አለ። ከሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ጆን ሪድሊ ስትሩፕ የተባለው ሌላ አሜሪካዊ ይህንኑ ሐሳብ በሌላ በኩል ፈተነው። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማና ሐምራዊ የሚሉትን ቃላት ከትርጉማቸው በተለየ ቀለም አሳተመ፤ «ቀይ» የሚለውን ቃል በሰማያዊ፣ «ሰማያዊ» የሚለውን በአረንጓዴ እንደ ማለት ነው። ተማሪዎቹም ቃሉን ትተው ቀለሙን እንዲጠሩ ታዘዙ። መቶ ባዶ የቀለም ምልክቶችን ለመጥራት 63 ሴኮንድ ያህል የፈጀባቸው ሰዎች፣ ቀለሙ በተቃራኒ ቃል ላይ ሲያርፍ 110 ሴኮንድ ያህል ፈጀባቸው። አታንብቡ የተባሉት ሰዎች አለማንበብ አልቻሉም። ቃሉ ሳይፈለግ ተነበበ፤ ትርጉሙም ሳይጠየቅ ገብቶ ሥራቸውን አወከ።

ከዚህ ሙከራ ተነሥተው ብዙዎች የንባብን ችሎታ በዚህ መለካት ይቻላል ብለው አሰቡ። እ.ኤ.አ. በ1966 ፒተር ሺለር በልጆች ላይ ባደረገው ጥናት፣ የቃሉ እውከት በአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ አነስተኛ ሆኖ በሁለተኛና በሦስተኛ ክፍል ከፍተኛ ደረጃ እንደሚደርስ፣ ከዚያ በኋላ ከዕድሜ ጋር እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳየ። ይህ የሚያስገርም አይደለም። ማንበብ ያልለመደ ልጅ ቃሉ አያውከውም፤ ለእርሱ ገና ቅርጽ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1974 ዴቪድ ላበርጅና ጄይ ሳሙኤልስ ይህን ሁሉ ወደ አንድ ሐሳብ ሲያመጡት፣ የሰው ትኩረት ውስን ስለሆነ ፊደል በመለየት የተጠመደ አንባቢ ለትርጉሙ የሚተርፈው ትኩረት አይኖርም፤ ፊደል መለየቱ በራሱ የሚሄድ ሲሆን ግን ትኩረቱ ሁሉ ለትርጉሙ ይለቀቃል አሉ። በብዙ አገሮች ዛሬም ተማሪን በፍጥነት እንዲያነብ የሚያሠለጥኑት በዚሁ እምነት ነው።

እዚህ ላይ ግን አንባቢ ጥቂት ቢቆም መልካም ነው። ፍጥነት ከተገኘ ትርጉም በራሱ ይከተላል የሚለው ሐሳብ፣ አንባቢው የሚያነበውን ቋንቋ አስቀድሞ ይናገረዋል ከሚል ያልተነገረ ግምት ላይ የቆመ ነው። የሙከራዎቹ ተሳታፊዎች በእናታቸው ቋንቋ ያነቡ ስለነበረ ግምቱን የሚጠራጠር አልተገኘም። የኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን ከብዙ ዘመን ጀምሮ ተቃራኒውን ያውቀዋል።

በንባብ ቤት ተማሪው ፊደል ይቆጥራል፣ አቡጊዳ ይላል፣ ወደ ሐዋርያና ወደ ወንጌል ይሻገራል፣ በመጨረሻም ዳዊት ይደግማል። መጀመሪያ ፊደሉን አንድ በአንድ በስንደዶ እየነካ ይቆጥራል፤ ከዚያ በግዕዝ፣ ቀጥሎ በውርድ ንባብ ያልፋል። የትኛው ቃል ተነሽ፣ የትኛው ወዳቂ፣ የትኛው ተጣይ ወይም ሰያፍ እንደሆነ በጆሮው ይለምዳል፤ ቢሳሳት መምህሩ ወዲያው ያርመዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን የሚያነበውን ግዕዝ አይናገረውም፤ ትርጉሙንም አልተማረም። የቃሉን ግስና ፍች የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ቅኔ ቤት ሲገባ ነው፤ የመጻሕፍቱን ምሥጢር ደግሞ የሚማረው ገና ቆይቶ በትርጓሜ ቤት ነው። ሊቃውንቱ ንባብንና ትርጉምን በሁለት ቤት ያስቀመጡት ሁለቱ የተለያዩ ዕውቀቶች መሆናቸውን ስላወቁ ነው። ዳዊት ደጋሚው ሕፃን እንደ ወራጅ ውኃ ያነባል፤ ንባቡ ልማድ ሆኖ በራሱ ይሄዳል፤ ስለሚያነበው ቃል ቢጠየቅ ግን አያውቀውም። የሊቃውንቱ ትምህርት ይህን እንደ ጉድለት አይቆጥረውም፤ ደረጃው ስለሆነ ነው። ችግር የሚፈጠረው መጀመሪያው ደረጃ እንደ መጨረሻው ሲቆጠር ነው።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ጥናት በአፍሪካ ውስጥ የተደረገው በላይቤሪያ ነው። ሲልቪያ ስክሪብነርና ማይክል ኮል እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የቫይ ሕዝብ ሦስት ዓይነት ንባብ እንዳለው አሳይተዋል። የራሱን ፊደል ከትምህርት ቤት ውጭ ከዘመድ ወዳጁ ይማራል፤ እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት ይማራል፤ ቁርአንን ደግሞ ቋንቋውን ሳይናገር በዐረብኛ ያነባል። ተመራማሪዎቹ ንባብ የተባለው አንድ ነገር እንዳልሆነ፣ እያንዳንዱ ዓይነት የየራሱን ችሎታ እንደሚያዳብር አረጋገጡ፤ ለምሳሌ ቁርአን የቀሩት ሰዎች ዝርዝርን ቀስ በቀስ እያከሉ በቃል በመያዝ ከሌሎቹ ተሽለው ተገኝተዋል። የቫይን ታሪክ የሚያነብ የወላይታ መምህር ብዙ የሚያውቀውን ነገር ያገኝበታል።

ወላይታ ካዎ ጦና ከተሸነፉበት ከ1887 ዓ.ም. ዘመቻ በኋላ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ሲውል፣ ከአስተዳደሩ ጋር አብያተ ክርስቲያናት፣ ከእነርሱም ጋር የግዕዝ ንባብ በአካባቢው ተስፋፋ። በ1920 ዓ.ም. የሱዳን ውስጥ ሚሲዮን ሰዎች ሶዶ ደርሰው ጣቢያ ሲያቋቁሙ ደግሞ ሌላ ዓይነት ንባብ ተጀመረ። ሚሲዮናውያኑ በኢጣሊያ ወረራ ምክንያት በ1929 ዓ.ም. አገሩን ለቀው ሲወጡ፣ በወላይትኛ ለምእመናኑ የተዉላቸው የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት የተመረጡ ክፍሎችን ብቻ ነበር። ጥቂት ገጽ ያላቸው እነዚህ ጽሑፎች በማንበብ በሚችሉ ጥቂት ሰዎች አማካይነት፣ ማንበብ ለማይችሉ ብዙ ሰዎች ጆሮ ደረሱ። አምስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከሃምሳ ያልበለጡት የተጠመቁ ሰዎች ወደ አሥር ሺህ ያህል መድረሳቸው በሚሲዮኑ የታሪክ መጻሕፍት ተመዝግቧል። ስለ ሃይማኖቱ የሚነገረው ለሌላ ጽሑፍ ይቆይና፣ ለንባብ ታሪክ ቁም ነገሩ ይህ ነው፤ አንድ አንባቢ ድምፅ አውጥቶ ሲያነብ ሰሚው ትርጉሙን ለማግኘት ምንም ድካም አልነበረበትም፤ ቋንቋው የራሱ ነበርና።

በነሐሴ 1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ሥራ የሚመራበት ድንጋጌ ግን ሁኔታውን ለወጠው። በመላው ኢትዮጵያ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን፣ የአካባቢ ቋንቋዎች ተማሪው አማርኛ እስኪለምድ ድረስ በመጀመሪያው ደረጃ በቃል ብቻ እንዲያገለግሉ ታዘዘ። ከ1956 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ አማርኛ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሁሉ የትምህርት ቋንቋ ሆነ። የአገርን አንድነት ለማጠናከር የታሰበ መሆኑን የማይቀበል የለም፤ በክፍል ውስጥ ያስከተለው ነገር ግን በግልጽ መነገር ይገባዋል። በወላይታ መንደር አማርኛ ሰምቶ የማያውቅ የሰባት ዓመት ልጅ ሀ ሁ ሂ ሃ ብሎ ፊደል ይለያል። የኢትዮጵያ ፊደል ከድምፅ ጋር ያለው ግንኙነት ግልጽ ስለሆነ በጥቂት ወራት ማንኛውንም የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ጮክ ብሎ ሊያነብ ይችላል። መምህሩም ንባቡን ሰምቶ «ጎበዝ» ይለዋል። ልጁ ግን «ማታ» የሚለውን ሲያነብ የሚታየው መምሸቱ ሳይሆን ሣሩ ወይም ወተቱ ሊሆን ይችላል፤ በቤቱ የሌለ ሌላ የአማርኛ ቃል ከሆነ ደግሞ ምንም አይታየው ይሆናል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ሳያስበው የንባብ ቤትን ሥርዓት ወረሰ፤ የቅኔ ቤቱን ግን አልወረሰም። በዚያ ዘመን በጸሎት ቤቶች አንዱ በአማርኛ ያነበበውን እርሱ ራሱ ወይም ሌላ ሰው በወላይትኛ እየተረጎመ ለሕዝቡ ማሰማቱ፣ ጉድለቱን ሕዝቡ በራሱ ዘዴ እንዴት ይሞላው እንደነበር ያሳያል።

ደካማ አንባቢ ስለሚባለው ተማሪ ብዙ የሚያስተምር ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ በሮቤርታ ጎሊንኮፍና በሪቻርድ ሮዚንስኪ ታትሟል። የሦስተኛና የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎችን በንባብ የተሻሉና የደከሙ ብለው በሁለት ከፈሉ። ከዚያም ሥዕል እያሳዩ ስሙን እንዲጠሩ ጠየቋቸው፤ በሥዕሉ ላይ ግን የሌላ ነገር ስም ተጽፎበት ነበር። ደካሞቹ አንባቢዎች የማያውቁትን፣ ትርጉም የሌለውን የፊደል ስብስብ በማንበብ ከጎበዞቹ እጅግ ዘገዩ። የታወቀ ቃል በሥዕሉ ላይ ሲያርፍ ግን የቃሉ ትርጉም ሁለቱንም ወገኖች በተመሳሳይ መጠን አወካቸው። ደካማ የተባለው ልጅ፣ የሚያውቀው ቃል ሲሆን፣ ትርጉሙን እንደ ጎበዙ ያለ ፈቃዱ ያገኘዋል ማለት ነው። ድካሙ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ይህ ውጤት በየክፍሉ «አይገባውም» ተብለው ወደ ኋላ መቀመጫ ለተገፉ ልጆች ሁሉ እንደ ጠበቃ ሊቆጠር ይገባዋል። በወላይታ ሁኔታ ሲታይ ደግሞ ትልቁ ጥያቄ ቃሉ ለልጁ የታወቀ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ይሆናል።

ሁለት ቋንቋ በሚያውቁ ሰዎች ላይ ማልኮም ፕሬስተንና ዋላስ ላምበርት እ.ኤ.አ. በ1969 በስትሩፕ ዘዴ ያደረጉት ጥናትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ቀለሙን በአንዱ ቋንቋ እየጠሩ በሌላው ቋንቋ የተጻፈውን ቃል መተው አልተቻለም፤ በተለይ የሁለቱ ቋንቋዎች ቃላት በመልክ ሲቀራረቡ እውከቱ ይበረታል። አማርኛና ወላይትኛ በአንድ ፊደል በተጻፉበት ዘመን «ቦታ»ና «ማታ» በመልክ መቀራረብ ብቻ ሳይሆን ፍጹም አንድ ነበሩ።

ያ ዘመን በስፋት የመጣው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በሂደት በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን፣ ወላይትኛ ከመጀመሪያዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነበር። ሁሉም ቋንቋዎች በኢትዮጵያ ፊደል ተጻፉ። ዘመቻው በዓለም አቀፍ ደረጃ ተመስግኖ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ አማካይነት የሚሰጠውን የዓለም አቀፉ የንባብ ማኅበር ሽልማት አግኝቷል። በዘመኑ የነበረው የፖለቲካ ጫናና ግዴታ ብዙ ሊያነጋግር ይችላል። በወላይታ ገበሬ ዘንድ ግን አንድ አዲስ ነገር ተደረገ፤ በቤቱ የሚናገረውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ በመንግሥት መጽሐፍ ላይ ታትሞ አየው። ያን ጊዜ ፊደል የለየ ጎልማሳ ድምፁን ካወጣ ትርጉሙን ለማግኘት ሌላ ትምህርት አላስፈለገውም። የጎደለው ጥብቀትን የሚያሳይ ምልክት ነበር። ሣሩንና ወተቱን የሚለየው የዐረፍተ ነገሩ አካሄድ ብቻ ነው፤ ላም ታልባ «ማታ» ሲገኝ ሣር ነው ብሎ የሚሳሳት የለም። ጎልማሶቹ ቋንቋውን ስለሚያውቁ የፊደሉን ጉድለት በራሳቸው ሞሉት። አማርኛ አንባቢም «ገና» ከበዓሉ ወይስ ከጊዜው መሆኑን በዚሁ መንገድ ሲለይ ኖሯል። ዘመቻው ያላሟላው ነገር ቢኖር በቂ ማንበቢያ ነበር። በራሱ የሚሄድ ንባብ የሚገኘው ብዙ በማንበብ ነው፤ ከመማሪያው መጽሐፍ በኋላ በወላይትኛ የሚነበብ ጽሑፍ ጥቂት በመሆኑ፣ የምስክር ወረቀት የያዘው ሁሉ ወደ ልማድ ንባብ አልደረሰም።

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ሲፈቅድ፣ ወላይትኛ በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመረ። ላቲኑ ጥብቀትንም የድምፅ ርዝመትንም ፊደሉን በመደገም ስለሚያሳይ፣ ሣርና ወተት በዐይን ተለያዩ። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። በሌላ በኩል በሁለት ፊደል የሚያልቀው ቃል ከአምስት ያላነሱ ምልክቶች ተደርድረውበት ረዘመ። ከሁሉ የከበደው ግን በዘመቻው ጊዜ በወላይትኛ ማንበብ የጀመረው ትውልድ የደረሰበት ነው። ቋንቋውን ያውቃል፤ ትርጉሙ ሁሉ በእጁ ነው፤ ነገር ግን የልጁን መጽሐፍ ሲከፍት እንደገና እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ፊደል ይቆጥራል። በንባብ ቤት ትርጉም አልባ ንባብ እንደነበረ ሁሉ፣ እዚህ ንባብ የተነፈገው ትርጉም ተፈጠረ። የፊደሉ ምርጫ በሌላ መለኪያ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የጎልማሶቹ ኪሣራ ግን በሒሳቡ ውስጥ ተገቢውን ቦታ አግኝቷል ለማለት ያስቸግራል።

ከዚህም የባሰው በ1992 ዓ.ም. መጣ። ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር በነበሩበት ጊዜ፣ ተቀራራቢ የሆኑትን የአራቱን ሕዝቦች ቋንቋዎች በማቀላቀል፣ ከየስማቸው መነሻ «ወጋጎዳ» ተብሎ የተሰየመ አንድ የመማሪያ ቋንቋ ተዘጋጀ፤ መጻሕፍትም ታትመው ወደ ትምህርት ቤት ገቡ። በኅዳር ወር በሶዶና በአካባቢው መምህራን፣ ተማሪዎችና ሕዝቡ ተቃወሙ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ብዙዎች ታሰሩ። በመጨረሻ መጻሕፍቱ ከትምህርት ቤት ወጡ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ሕዝቡ የተነሣው ስለ ማንነቱና ስለ አስተዳደሩ እንጂ ስለ ሥነ ልቡና ሙከራ እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ሆኖም የንባብን ጠባይ የሚያውቅ ሰው በመጽሐፉ ላይ የደረሰውን ሌላ ነገር ይረዳል። አንባቢ ቃልን በራሱ የሚያነበው በመልክ ስለሚያውቀው ነው። ግማሹ ከቤቱ፣ ግማሹ ከጎረቤት ቋንቋ የመጣ ጽሑፍ ሲሰጠው በየመሥመሩ ይሰናከላል፤ በተሰናከለ ቁጥርም ቋንቋው ቋንቋው አለመሆኑ ይነገረዋል። የመጽሐፉ አዘጋጆች ቋንቋዎቹ ይቀራረባሉ ያሉት ከሳይንስ አንጻር ስሕተት አልነበረም። ለመስማማት የሚበቃ መቀራረብ ግን ለመነበብ አይበቃም፤ በንግግር ጊዜ ጆሮ የሚታገሠውን ልዩነት ዐይን በጽሑፍ ላይ አይታገሠውም።

ከዚያ ወዲህ ወላይትኛ በዞኑ ትምህርት ቤቶች ሥር ሰድዷል። በአሜሪካ የልማት ድርጅት እርዳታ በሰባት የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አዲስ የንባብ መጻሕፍት ሲዘጋጁ ወላይትኛ አንዱ ነበር፤ በ2006 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘናም ተካትቷል። የዚህ ምዘና ዋና መለኪያ ልጁ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በትክክል የሚያነበው የቃል ብዛት ነው፤ ከዚያ ስላነበበው ጥቂት ጥያቄዎች ይጠየቃል። አወቃቀሩ የላበርጅንና የሳሙኤልስን ሐሳብ ይከተላል። በእናት ቋንቋው ለሚያነብ የወላይታ ልጅ መለኪያው የተሻለ ይሠራል፤ ቃሉን ካነበበው ትርጉሙ ሩቅ አይደለምና። ይኸው ልጅ በኋላ አማርኛና እንግሊዝኛ ሲያነብ ግን በደቂቃ የቆጠራቸው ቃላት ስለ መረዳቱ የሚናገሩት ጥቂት ነው። የላቲንን ፊደል በወላይትኛ ስለለመደ የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ጮክ ብሎ ያነበንበዋል፤ የአያቶቹ የንባብ ቤት ታሪክ በእንግሊዝኛ ይደገማል። መምህሩም ድምፁን ሰምቶ «ጎበዝ» ሊለው ይችላል።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ በሆነችው በሶዶ ከተማ ሦስቱም ጽሕፈቶች በአንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ይታያሉ። በዘመቻው ጊዜ ፊደል የለዩ ሰው ከልጅ ልጃቸው ጋር ከሰሌዳው ፊት ቢቆሙ፣ እርሳቸው አማርኛውን ሳያስቡት ያነባሉ፤ ልጁ ደግሞ ዐይኑ በላቲን ወደ ተጻፈው ወላይትኛ ይሄዳል። ያንን መሥመር ጮክ ብሎ ሲያነብላቸው ግን፣ እርሳቸው በዐይን ያልተከተሉትን ጽሕፈት በጆሮ ይከተሉታል፤ ሣሩን ከወተቱ ለመለየትም ልጁን መጠየቅ አያስፈልጋቸውም።